ቀድሞ የቀለጠው ሰም

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ምራት፣ ካገባች ሁለት ወር ያልሞላት ልጅ፣ ድንች ልትጠብስ ብላ ሳታደርቀው ከነውሃው የጋለ ዘይት ውስጥ ለቀቀችው፤ መጥበሻው ጭራዋን እንደተረገጠች ድመት ጮኸና ዘይቱ እስከ ግድግዳው ድረስ ተፈናጠረ፤ እኔ ደግሞ ሽንኩርት ልለምን ብዬ በሩ ላይ የቆምኩት አሮጊት፣ በስልሳ ስምንት ዓመቴ፣ በዚህ ሪህ በጨረሰው ጉልበቴ፣ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጥዬ ጠረጴዛው ስር ገባሁ። እንዴት እንደገባሁ አላውቅም፤ ለመውጣት ግን ሁለት ሰው አስፈልጎኛል። ልጅቷ መጀመሪያ ደነገጠች፣ ቀጥላ ሳቀች፣ ባሏ ሲመጣ ደግሞ ነገረችውና እሱም ሲስቅ በአጥሩ በኩል ሰማሁት። ይሳቁ፤ እኔም ብሆን እስቅ ነበር። ያ ጩኸት ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከጆሮዬ አልወጣ አለ፤ እሱን ተከትሎም ሃምሳ ዓመት ሙሉ ያልሸተተኝ የሰፈፍ ሽታ፣ ያ ጠጅ ጠጅ፣ ጭስ ጭስ የሚለው የልጅነት ግቢያችን ሽታ፣ ቤቴ ድረስ መጣ።

ያደግኩት እዚሁ ጅማ፣ መንደራ፣ አወቱ ወንዝ በክረምት ሲሞላ የጓሯችንን ጎመን ጠራርጎ የሚወስድበት ቦታ ነው። ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ነበር፤ ማብቂያው መሆኑን ግን ማን ነግሮን። ከተማው ሁሉ ቡና ሲገዛ፣ ቡና ሲያሰጣ፣ ቡና ሲጭን፣ በቡና ሲጣላና ሲታረቅ፣ የኛ ቤት ብቻ ሰም ያቀልጥ ነበር። ጠጅ ቤቶች ጠጃቸውን ካጠለሉ በኋላ የሚተርፈውን ሰፈፍ፣ ማለትም ማሩ ተሟጦ የቀረውን የሰም አተላ፣ አባቴ በጆንያ እየገዛ በበርሜል ውሃ ይቀቅለዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ከላይ ሲንሳፈፍ ይገፈፋል፣ በጆንያ ተጠምዝዞ ይጣራል፣ ከዚያ በኋላ ውስጡ የቀረችው እርጥበት እንድትወጣ ብቻውን፣ ያለ ውሃ፣ ትልቅ ብረት ድስት ውስጥ እንደገና ይግላል። ይህን ሁለተኛውን ድስት ደረቁ ድስት እንለው ነበር። ከደረቁ ድስት ወደ ገበቴ ይገለበጥና ሲረጋ እንደ ድፎ ዳቦ ክብ፣ እንደ ዱባ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። እንግዲህ በግቢያችን አንድ የማይታለፍ ሕግ ነበር፤ ወደ ደረቁ ድስት ውሃ ይዞ የሚጠጋ የለም። እጁን ታጥቦ ሳያደርቅ የተጠጋ ሠራተኛ እንኳ ወገቡ ላይ ዱላ ይቀምሳል።

አባቴ ቸርነት ይባል ነበር። ስሙን ያወጣለት ሰው ምን ታይቶት እንደሆነ እንጃ። ዱላ በኛ ቤት እንደ ጨው ነበር፤ ሳይነሰነስበት የሚያልፍ ነገር የለም። እናቴን በቀበቶ፣ ሠራተኞቹን በማማሰያው፣ ድመቷን በጫማ፣ እኔን ባገኘው። የሱን ኮቴ ከሩቅ ሰምተን ዛሬ በምን ስሜት እንደመጣ እንለይ ነበር፤ ተረከዙን የጎተተ እንደሆነ ደህና ነው፣ ረገጥ ረገጥ ያደረገ እንደሆነ እናቴ ወደ ጓሮ ትለኝ ነበር። አንድ ነገር ግን ነበረው፤ ወይም ነበረው ብዬ አምን ነበር። ሰሙን እየቆረሰ ያኝካል፤ ንጹሕ ሰም ጥርስ ላይ አይለጠፍም፣ ሞራ የተቀላቀለበት ግን ይለጠፋል፤ የተለጠፈበት ቀን ያመጣውን ሰው ከነጆንያው ከበር ያስወጣዋል። ጥርሴ አይዋሽም ይል ነበር። እኔም ሰው ስለ አባቴ ክፉ ሲያወራ ስሰማ፣ ይማታል እንጂ አያጭበረብርም እል ነበር በሆዴ። ልጅ ናት፤ የምትይዘው ነገር ያስፈልጋታል።

ሰፈፉን ከገጠር የሚያመጡልን አባ መጫ የሚባሉ የሊሙ ሰው ነበሩ። ከሊሙ ገነት ወዲያ ወዲህ ያሉትን የቡና ከተሞች ጠጅ ቤት ለጠጅ ቤት እየዞሩ ሰፈፍ ይገዛሉ፣ ጫካ ገብተው ደግሞ ከቀፎ ባለቤቶች ንጹሕ ሰም ይገዙና በሦስት በቅሎ ጭነው ይመጣሉ። አባቴን ሳልወለድ ጀምሮ ያውቁታል፤ ስወለድም ጊደር ነድተው መጥተዋል። ጠጅ በሕይወታቸው አልቀመሱም፤ ልብሳቸው ግን ከጠጅ ቤት ሰካራም ይብስ ጠጅ ጠጅ ይሸት ነበርና መስጊድ ሲገቡ ሰዉ ፈንጠር እያለ ይሰግዳል አሉ። እሳቸው ይስቃሉ። እኔ ሐራሙን አልጠጣሁም፣ ሐራሙ ነው እኔን የጠጣኝ ይሉ ነበር። የጆንያዎቻቸውን አፍ በቃጫ ራሳቸው ይሰፉታል፤ መጨረሻው ላይ ሦስት ቋጠሮ፤ እሷን ያየ የጅማ ነጋዴ ሁሉ የአባ መጫ ጭነት ነው ብሎ ሳይፈታ ይረከብ ነበር። እኔን ኢንተለ ኮ ነበር የሚሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። አንድ ቀን አባቴ አለንጋ ሲያነሳብኝ ክንዱን አፈፍ አድርገው ይዘው፣ ሳይቆጡ፣ ቸርኔ ልጅ በዱላ ቢያድግ ኖሮ የኔ በቅሎ ቀኛዝማች ይሆን ነበር አሉት። አባቴ ሳቀ። በእኔ ዕድሜ አለንጋውን መልሶ ሲሰቅል ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

አሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ ሳይንስ የሚያስተምረን ሚስተር ኩሪያን የሚባል ሕንዳዊ ነበር። አማርኛው ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ የሚያደርግ ዓይነት ነው፤ ማስመሪያውን በስለቱ በኩል ጣታችን አጥንት ላይ ሲያሳርፈው ግን ቋንቋው ፍጹም ግልጽ ነበር። ይህ ሰው አንድ ቀን ዴስኩን በሰም አሽቶ ውሃ ጠብ አደረገበት፤ ውሃው እንደ ዶቃ ክብ ክብ ሆኖ ቆመ። ባልታሸው እንጨት ላይ ጠብ ሲያደርግ ተንጣለለ። መርፌ በውሃ ላይ አስተኝቶ አንሳፈፈ፤ ሳሙና በጣቱ ሲነካው መርፌው ሰመጠ። እጃችን ላይ ስፒርቶ ጠብ አደረገልን፤ ቀዝቅዞን ሳናይ በኖ ጠፋ። ከማር ጠርሙስ አንድ ማንኪያ ሲገለብጥ ግን እስኪወርድ ድረስ ክፍሉ በሙሉ ምራቁን ዋጠ። ይህ ሁሉ ለምን ሆነ ብሎ ጠየቀን፤ ማንም አላወቀም፤ ላለማወቃችን ሁለት ሁለት ጊዜ መታን።

ከዚያ አስነሳንና እጅ ለእጅ አያያዘን። ፈሳሽ ሁሉ ለዓይን በማይታዩ ቅንጣቶች የተሞላ ነው፣ ቅንጣቶቹም እርስ በርስ ይጓተታሉ አለ። ትልልቆቹን ልጆች እጃችሁን ጭብጥ አድርጉ አላቸው፤ እነሱ ውሃ ናቸው። ሌሎቹን በትንሿ ጣት ብቻ አቆላለፋቸው፤ ቤንዚን ናቸው፣ ትንሽ ሲሞቃቸው ተላቀው ወደ ሰማይ የሚሄዱ። እኔና አምስት ልጆችን ክንድ በክንድ፣ እግር በእግር አጠላለፈን፤ እኛ ማር ነን፣ መላቀቅ ስለሚቸግረን ቀስ ብለን ነው የምንፈስሰው። ቀጥሎ አንድ ቀውላላ ልጅ ሮጦ እንዲበጥሰን አዘዘ። ልጁ ቤንዚኑን በጥሶ አለፈ፣ ውሃው ላይ ሲደርስ ግን ጭብጥ ያደረጉት ልጆች አንዱ በቡጢ ተቀበለው፣ ሌላው ደገመው፣ የቤንዚን ወገኖች ለጓደኛቸው ደረሱ፣ አንድ ጥርስ ወለቀ፣ ሁለት ኮሌታ ተቀደደ፣ ሚስተር ኩሪያንም በማስመሪያው መሐል ገብቶ ሲያበራየን ዋለ። ትምህርቱ ግን ገባኝ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ኬሚስትሪ ሳስተምር ከዚያ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም።

ቤት ስገባ እጄ አላርፍ አለ። የቀለም ጣሳ ክዳን ፈልጌ የፈላ ውሃ ድስት አፍ ላይ ገጠምኩት፤ ክዳኑ ላይ አንዲት ፍሬ ቅቤ፣ አንዲት ፍሬ ሞራ፣ አንዲት ፍሬ ሰም፣ እኩል እኩል አድርጌ አሰለፍኩ። ቅቤው ወዲያው ተዘረጋ። ሞራው ጥቂት ቆየና ተከተለው። ሰሙ ንቅንቅ አላለም፤ በመጨረሻ ነው ላብ ላብ ብሎት የወረደው። እጃቸው የላላው ቀድመው ይለቃሉ፣ እጃቸው የጠበቀው ይቆያሉ ማለት ነው። ዞር ስል አባቴ ከኋላዬ ቆሟል። ራሴን በክንዴ ሸፈንኩ። እሱ ግን ቁጢጥ ብሎ ክዳኑን አየ፣ ንገሪኝ አለኝ፣ ነገርኩት። ሞራና ሰም የተቀላቀለ እንደሆነስ ብሎ ጠየቀ፤ ቀላቅዬ ክዳኑ ላይ አኖርኩለት፤ ከንጹሑ ሰም ቀድሞ ሲንሸራተት ሁለታችንም አየን። ከዚያ እጁን አንስቶ ጭንቅላቴ ላይ አኖረው፣ እኔ ከልምድ ብዛት ብደነግጥም እጁ አልመታኝም፣ እንዲሁ አረፈ። የዚያን እጅ ክብደት ዛሬም አናቴ ላይ አውቀዋለሁ። ከዚያ በኋላ እንግዳ በመጣ ቁጥር ልጄ ሰም ትፈትናለች እያለ ይጠራኝ ጀመር፤ እኔም ያን እጅ እንደገና ለማግኘት የማላደርገው ነገር አልነበረም።

በኅዳር፣ የቡና ለቀማው ጊዜ፣ ሰማችንን የሚረከበን የመናዊ ነጋዴ ከሱቁ ወጥቶ በእግሩ ግቢያችን ድረስ መጣ። መጥቶ አያውቅም ነበር። ከኛ የወሰደው ሰም አዲስ አበባ ሲደርስ ሞራ አለበት ተብሎ ተመልሶበታል፤ ፊቱ በርበሬ መስሎ ነበር። አባቴ ሰማው፣ ሰማውና በእርጋታ፣ እኔ የማቀልጠው የመጣልኝን ነው፣ የሚያመጣልኝን ሰው ጠይቅ አለው። አባ መጫ ያን ቀን ጠዋት ጭነታቸውን አራግፈው፣ የቀትሩ የዙሁር ሰላት ደርሶ ስለነበር ለውዱእ ሊታጠቡ በጣሳ ውሃ ይዘው ከጓሮ ነበሩ። አባቴ ወደ መጋዘኑ ገባ፣ አንዲት ጉማጅ ሰም ይዞ ወጣና ከዛሬው የአባ መጫ ጆንያ ያወጣሁት ነው አለ። ነጋዴው ከኪሱ የራሱን ንጹሕ ሰም አወጣ። አባቴም እኔን ጠራኝ።

ሁለቱን ክዳኑ ላይ አስተካክዬ ሳስቀምጥ ሠራተኞቹ፣ ነጋዴው፣ እናቴ፣ ሁሉም ከበውኝ ነበር። እንዲህ ያለ ክብር አይቼ አላውቅም። የነጋዴው ቆመ። ሌላው ጎኑ ረጠበ፣ ዘመም አለ፣ ተዘረጋ። ይሄኛው ሞራ አለበት አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እንደ ሚስተር ኩሪያን እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አባ መጫ ስማቸው ሲነሳ ሰምተው ጣሳቸውን እንደያዙ መጡ፤ ጉማጇን አንስተው አኘኳት፣ ተፏት፣ ይቺ የኔ አይደለችም ወላሂ አሉ። ቸርኔ፣ ይቺን ከየት አመጣሃት ብለው ሊጠይቁት ወደሱ ተጠጉ። አባቴ አላስጨረሳቸውም። ማማሰያው በእጁ ነበር፤ ሌባ ብሎ ትከሻቸውን መታቸው። ሲንገዳገዱ ጣሳው ከእጃቸው ተፈናጥሮ እሳት ላይ የነበረው ደረቁ ድስት ውስጥ ገባ።

ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አስረድቻለሁ። ውሃ ከቀለጠ ሰም ይከብዳልና ይሰምጣል፤ ታች የጠበቀው ሙቀት ግን ከውሃ መፍያ እጅግ የበለጠ ነው። ሰሙ አይፈላም፤ ቅንጣቶቹ ረጃጅም ናቸው፣ ከዳር እስከ ዳር እንደ ገመድ የተጠላለፉ፣ መላቀቅን የማያውቁ። የውሃ ቅንጣት ትንሽ ናት፤ እህቶቿን የያዘችበትን እጅ ስትለቅ በአንድ ጊዜ ትለቃለች፣ ለመውጣትም ያን ሁሉ ሰም ከላይዋ ገፍትራ መወርወር አለባት። ይህን ጥቁር ሰሌዳ ላይ መሳል ቀላል ነው። ያን ቀን ግን ድስቱ አገሳ። ሰሙ ከቤታችን ጣሪያ በላይ ቆመና ወረደብን። ሰም እንደ ውሃ አይደለም፣ ነክቶ አይሄድም፤ ቆዳ ላይ ተጣብቆ እዚያው እየረጋ ያቃጥላል። የወረደው ሰም ከታች እሳት ያዘ፤ ከሠራተኞቹ አንዱ ነደደና መሬት ላይ ተንከባለለ፤ ሌላው እሳቱን ለማጥፋት ባልዲ ውሃ ሊደፋበት ሲል እናቴ በፍልጥ እንጨት ክንዱን መታ አስጣለችው፣ እግዜር ይስጣት፣ ብትዘገይ አንዳችንም አንተርፍም። የአባቴ ቀኝ እጅ ከማማሰያው ጋር ተጣብቆ ነበር። የኔ አንገትና ጆሮ ዛሬም እንደ ተጨማደደ ከረጢት ነው። አባ መጫ በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ይዘው ተቀምጠው ነበር፣ አይጮኹም፤ እጃቸውን ሲያነሱላቸው የግራ ዓይናቸው ቦታ ላይ ቢጫ ሰም ረግቶ ነበር።

በአራተኛው ቀን፣ አንገቴ ታስሮ፣ ማንም ሳያየኝ መጋዘን ገባሁ። የአባ መጫ ስምንት ጆንያዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ስምንቱም አፋቸው በቃጫ እንደተሰፋ ነው፣ ሦስት ቋጠሮ፣ አንዱም አልተፈታም። አባቴ ያን ጉማጅ ከየት አወጣው ታዲያ? አንዱን ጆንያ በምላጭ ቀድጄ ሰም አወጣሁ፤ ክዳኔን አምጥቼ ፈተንኩት፤ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከበርሜሎቹ ኋላ ደግሞ በቅጠል የተሸፈነ ጣሳ አገኘሁ፣ ግማሹ ሞራ። እናቴ በዚህ መሃል ገብታ ክዳኑንም፣ ጣሳውንም፣ እኔንም አየች። በጥፊ መታችኝ፣ ያውም የታሰረውን ጎኔን። ወዲያው ደግሞ በዚያው እጇ አፌን ያዘችኝና፣ አላየሽም፣ እኔም አላየሁም አለችኝ።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት አባ መጫ ከሐኪም ቤት በወጡ ማግስት፣ በግቢያችን ሾላ ስር ነው። አምስት ነበሩ፣ ከክርስቲያኑም ከእስላሙም፣ ከተማው ቃላቸውን የሚቀበላቸው ሰዎች። የመጡት ዓይን ለመካስ ብቻ አልነበረም፤ አባ መጫ ሰም ይበርዛሉ ወይስ አይበርዙም የሚለው ሊቆረጥ ነው፣ ይህ ከተቆረጠ ደግሞ ከጅማ እስከ ሊሙ ማንም ከሳቸው አይረከብም። ትልቁ ሽማግሌ እኔን አስጠሩኝና፣ ልጄ አትፍሪ፣ የምታውቂውን ተናገሪ አሉኝ። አባቴ ወደኔ አላየም። የተጠቀለለ እጁን ጭኑ ላይ አኑሮ በደህናው እጁ የቀበቶውን ዘለበት ፈታ፣ መልሶ ቆለፈ። አባ መጫ ከፊቴ ነበሩ፤ ግማሽ ፊታቸው በጨርቅ ተሸፍኗል፣ የቀረችው ዓይናቸው እኔ ላይ ነበረች። ስለ ቋጠሮዎቹ ልናገር አፌን ከፈትኩ።

"የአባ መጫ ሰም ቀድሞ ቀለጠ" አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዱ ሊጠይቀኝ አፉን ሲከፍት አባ መጫ ብድግ አሉ። ኢንተለ ተነ ተዉአት፣ ይቺን ልጅ ተዉአት አሉ፤ ልጅ ምስክር አይሆንም፣ እኔ ነገሩን ትቼዋለሁ፣ ካሳም አልፈልግ። በቅሎዎቻቸውን ፈትተው ሄዱ። ሰው ነገሩን የተወው ቢያፍር ነው አለ፤ አባቴም አላስተባበለም። ያን ቀን ማታ ሳይመታኝ አደረ። ጭንቅላቴን ሊዳብስ እጁን ሲሰድ ግን ሸሸሁ፤ ከዚያ በኋላም አላስነካሁትም።

ዘመኑ ተገለበጠ፣ ጃንሆይ ወረዱ፣ የመናዊውም አገሩ ገባ፣ እኔም ኮሌጅ ገብቼ የሞራ ቅንጣቶች ቆልማማ ስለሆኑ ጎን ለጎን ገጥመው እንደማይተኙ፣ ስለዚህም በትንሽ ሙቀት እንደሚላቀቁ ተማርኩ። ፈተና ላይ ሲመጣም መለስኩት። አባቴ በሕይወት እያለ ሊሙ አልሄድኩም። ምክንያት ደረደርኩ፤ መንገዱ፣ ጦርነቱ፣ ልጆቼ። እውነቱን ልናገር፤ ሃምሳ ልጅ ፊት ቆሜ የማልፈራ መምህርት፣ አባቴ፣ በእርጅናው ሽባ ሆኖ አልጋ የያዘ ሽማግሌ፣ ቀበቶውን ቢነካ ብዬ እፈራ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ማን እንዳጠራው አላውቅም፤ የኔ ዝም ብሎ ነው ያደረው።

አባቴ በተቀበረ ማግስት አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አባ መጫ ከሊሙ ገነት ወጣ ብሎ፣ በቡና ጥላ ስር ባለ ጎጆ ደጃፍ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ሰም ከተውት ቆይተዋል፣ በቅሎም የለም፣ ሽታውም ለቋቸዋል። ልጃቸው ጀማል፣ ጎልማሳ ሰው፣ ከአጠገባቸው ቆሎ ይዞ ተቀምጧል፤ አባቱን ቀና ብሎ እንደማያይ ወዲያው ነው ያስተዋልኩት። ማንነቴን ስናገር አባ መጫ አንገቴን ዳበሱና አወቁኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ጣሳው፣ ስለ ቋጠሮዎቹ፣ እውነቱን እያወቅኩ ስለተናገርኩት ውሸት። አለቀስኩ። እሳቸው እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"አውቅ ነበር ኢንተለ ኮ" አሉኝ፤ "ቀበቶውን ሲነካ በቀረችኝ ዓይን አየሁት። ብትናገሪ ኖሮ ይገድልሽ ነበር።"

ጅማ እንሂድና መስጊዱም ገበያውም ላይ ቆሜ ልናገር፣ ጋዜጣም ቢሆን ላስወጣ አልኳቸው። ሳቅ አሉ። ለማን ብለው ጠየቁኝ፤ ሽማግሌዎቹ አምስቱም ሞተዋል፣ ጠጅ ቤቶቹ ተዘግተዋል፣ የጀማል እናትም እስክትሞት ድረስ እውነቱን ንገረኝ እያለች ሳታምናቸው ሄዳለች። ቀስ ብዬ ማሰብ ጀመርኩ፤ የኔን ቃል የሰሙት እነማን ነበሩ፣ የት አሉ? አንድም ሰው ላገኝ አልቻልኩም። ይዤው የመጣሁት እውነት የሚቀበለው አጥቶ እጄ ላይ ቀረ። አባ መጫ ግን አገጫቸውን ወደ ልጃቸው አመለከቱና፣ ይሄ አለ፣ ለሱ ድገሚለት አሉኝ።

ደገምኩለት። ጀማል ቆሎውን አስቀምጦ ሰማኝ። ስጨርስ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ያኔ ስንት ዓመትዎ ነበር?"

አሥራ ሦስት አልኩት።

"እኔ አሥራ አንድ ነበርኩ" አለ። "የሌባ ልጅ ያለኝን ሁሉ ተማትቻለሁ። ክንዴ የተሰበረው በሱ ነው፤ አንዱንም በድንጋይ ፈንክቼ ታስሬያለሁ። ብዙ ዓመት ተማታሁ። ኋላ ግን ደከመኝና አባቴን ሌባ ያሉትን ሰዎች አመንኳቸው።"

ሽማግሌው ይህን ሰሙ። የልጃቸውን ጉልበት ለመንካት እጃቸውን ዘረጉ፤ ጀማል የተቀመጠው ግን በግራ፣ ዓይን በሌላቸው በኩል ነበርና፣ እጃቸው ከሱ አልፎ ባዶውን መሬት ዳበሰ።